የጊሪሽ ካርናድን «ሃያቫዳና» ለመድረክ እንዴት እናዘጋጅ?

«ሃያቫዳና»ን ለመሥራት የተነሣ ቡድን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አንዱ ገጸ ባሕርይ የፈረስ ጭንቅላት ነው። ገንዘቡም ጊዜውም እዚያ ላይ ያልቃል። ፈረሱ ግን የዚህ ተውኔት ቀላሉ ክፍል ነው። ተውኔቱን የሚጥለውም የሚያቆመውም፣ ሁለት ወንዶች ከመጋረጃ ጀርባ ጭምብል የሚለዋወጡባት ግማሽ ደቂቃ ናት፤ ከዚያ በኋላም ሰውነታቸው የሚያደርገው ነገር። ሌላው ሥራ ሁሉ ለዚህች ቅጽበት ሲባል የሚሠራ ነው።

ሕንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ጊሪሽ ካርናድ የተወለደው በ1938 ከቦምቤይ ብዙም በማትርቀው በማቴራን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው በካርናታካ፣ በሲርሲና በዳርዋድ ነው። የእናት ቋንቋው ኮንካኒ ሲሆን ተውኔቶቹን የጻፈው በካንናዳ ነው፤ ስሙ ይምሰል እንጂ ከካናዳ አገር ጋር አይገናኝም። ዳርዋድ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ተማረ፤ ከ1960 እስከ 1963 በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ነበር። «ያያቲ» በ1961፣ «ቱግላክ» በ1964፣ «ሃያቫዳና» በ1971 ታተሙ። በዚሁ ጊዜ ወደ ፊልም ገባ፤ በ1970 በወጣው «ሳምስካራ» ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ፣ የፊልም ጽሑፉንም ጻፈ። በ1974 እና 1975 ፑኔ ያለውን የሕንድ የፊልምና ቴሌቪዥን ተቋም መራ፤ በ1998 ጅናንፒት የተባለውን የሕንድ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2019 ቤንጋሉሩ ውስጥ ዐረፈ። ተውኔቶቹን ያላነበበ የኛ ተመልካችም ፊቱን ሳያውቀው አይቀርም፤ በ2012 በወጣው «ኤክ ታ ታይገር» የሳልማን ካን አለቃ የሆነው ሽማግሌ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ መዘርዘር ያስፈለገው ለአዘጋጁ ስለሚጠቅመው ነው። ሲርሲ ያክሻጋና የሚባለው የሌሊት ድራማ የሚታይበት አካባቢ ነው፤ ካርናድም በልጅነቱ ያንንም፣ ከከተማ ከተማ የሚዞሩትን የቴአትር ጓዶችንም አይቷል። ግማሽ መጋረጃው፣ ዘፋኙ ተራኪ፣ ጭምብሉ፣ መክፈቻው ላይ ያለው ጸሎት ከዚያ የመጡ ናቸው። ተዋናይም ስለነበር የመድረክ መግለጫዎቹ ጌጥ አይደሉም፤ አንድ ሰው በሰውነቱ ሊሠራው የሚችለውን ብቻ ይጠይቃሉ። «ይሄን ብንተወውስ?» ብላችሁ የምትዘሉት መግለጫ ከሁለት ትዕይንት በኋላ ይፈለጋል።

ታሪኩን ለማያውቅ

ዴቫዳታ የብራህማን (የካህናት ወገን) ልጅ፣ ገጣሚ፣ መልከ መልካም፣ ሰውነቱ ግን ልል ነው። ካፒላ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ጡንቻው የሚያስቀና፣ ለወዳጁ ሟች። ዴቫዳታ ፓድሚኒን ያገባል፤ የፓድሚኒ ዓይን ግን ካፒላ ላይ ይቀራል። ሦስቱ ወደ ኡጃይን ከተማ ሲጓዙ ዴቫዳታ በሴት አምላኳ በካሊ ቤተ መቅደስ አንገቱን ይቆርጣል፣ ካፒላም ይከተለዋል። ፓድሚኒም ልትከተላቸው ስትል ካሊ ትገለጥና «ጭንቅላቶቹን ከአካላቱ ጋር ግጠሚ» ትላታለች። በጨለማና በችኮላ ታቀያይራቸዋለች። ሁለቱም ድነው ይነሣሉ። ባሏ የትኛው ነው?

ጥያቄው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ካሽሚር ውስጥ ሶማዴቫ በሳንስክሪት ባጠናቀረው የተረት ስብስብ ውስጥ አለ፤ እዚያ አንድ ንጉሥ ጭንቅላት የአካል ሁሉ የበላይ ነው ብሎ ይፈርዳል፣ ተረቱም ያልቃል። ጀርመናዊው ቶማስ ማን በ1940 «ከፍርዱ በኋላስ?» ብሎ አስረዘመው። ካርናድ በበኩሉ የሚናገሩ ሁለት አሻንጉሊቶችን ጨመረ፤ የፈረስ ጭንቅላት ይዞ ተወልዶ ሙሉ ለመሆን የሚንከራተተውን ሃያቫዳናንም ጨመረ። ስሙ በሳንስክሪት «የፈረስ ፊት» ማለት ነው።

ፈቃድና ትርጉም

የሕንድ ሕግ የደራሲን መብት ከሞተ በኋላ 60 ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ይህ ተውኔት እስከ 2079 መጨረሻ ባለቤት አለው። ከመተርጎማችሁ በፊት በአሳታሚው በኩል ለባለመብቶቹ ጻፉ፤ የትርጉም ፈቃድና የማሳያ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ። ስንት ቀን እንደምታሳዩ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ መግቢያው በገንዘብ መሆን አለመሆኑን ግለጹ፤ ያለዚህ መልሱ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚመለሰው። እንግሊዝኛውን የተረጎመው ካርናድ ራሱ ስለሆነ ካንናዳ የማያውቅ ተርጓሚ ከዚያ ቢነሣ ከሩቅ አልተነሣም።

አማርኛ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በቋንቋችን «ራስ» ጭንቅላትም ነው፣ ማንነትም ነው። «ራሱን ሳተ»፣ «ራሱን ቻለ»፣ «እሱ ራሱ መጣ» በሚል ተመልካች ፊት «ራሱ የዴቫዳታ ነው» ካላችሁ፣ ክርክሩ ሳይጀመር ፈርዳችሁ ጨረሳችሁ። ከላይ ታሪኩ ሲነገር «ጭንቅላት» የተባለው ለዚህ ነው። እስከ አንደኛው ገቢር መጨረሻ ድረስ «ጭንቅላት» በሉ፤ የመሐላ ቦታ ላይ ደግሞ «አንገቴን እሰጣለሁ» የሚለው የኛው አነጋገር በደንብ ይሠራል። «ራስ» የሚለውን ቃል ለሁለተኛው ገቢር መክፈቻ አስቀምጡት፤ ጠቢቡ ፍርድ የሚሰጠው እዚያ ነው። ቃሉ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ፍርዱ ትክክል መስሎ ይሰማል፤ ሊያታልልም የሚገባው በዚያ መንገድ ነው።

ሌላው «አንተ»ና «እርስዎ» ነው። ፓድሚኒ ሁለቱንም «አንተ» ትበላቸው። ባሏን «እርስዎ»፣ ካፒላን «አንተ» ካለች ልቧ የት እንዳለ ገና ከአፏ ይታወቃል፤ ተመልካቹ ግን ከዓይኗ ነው ሊያየው የሚገባው። ባጋቫታን፣ ማለትም ተራኪውን፣ ሁሉም «እርስዎ» ይበሉት። ካሊንና የመክፈቻው ጸሎት የሚቀርብለትን አምላክ ጋኔሻን «አንቺ»ና «አንተ»፤ ጸሎት በአማርኛ «እርስዎ» አያውቅም።

የገጸ ባሕርያቱን ስም አትቀይሩ። ባጋቫታንም አዝማሪ ለማድረግ ትፈተኑ ይሆናል፤ አታድርጉት። አዝማሪ ከታዳሚው ጋር ይሟገታል፣ ቅኔ ይወረውራል፣ ይሸለማል። ባጋቫታ ግን ታሪኩን እንደ አደራ የያዘ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ገቢር ፓድሚኒ ልጇን በአደራ የምትተውለት ለእሱ ነው። ሲሸለም የዋለ ሰው ያን አደራ ሲቀበል አይታመንም።

ሁለቱን ወንዶች መምረጥ

ካሊን፣ ሁለቱን አሻንጉሊቶችና ሕፃኑን ጨምሮ 11 ሚና አለ። ካሊን ከሙዚቀኞቹ አንዷ ብትጫወታት 10 ተዋናይ ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ ምርጫው የማያወላውለው የዴቫዳታና የካፒላ ነው።

ቁመታቸው ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አይለያይ፤ ጭምብሎቹ ሲለዋወጡ የፓድሚኒ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ መቀየር የለበትም። ትከሻቸውና ክንዳቸው ግን ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ የሚያይ ሰው ሳይነገረው የሚለየው ይሁን። ከላይ እጅጌ የሌለው ወይም ጭራሽ ያልለበሰ ሰውነት ያስፈልጋል፤ አካሉን ልብስ ከሸፈነው መለዋወጡ አይታይም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጭምብሉ ሲለዋወጥ ገጸ ባሕርዩ ከጭምብሉ ጋር ይሄዳል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ «ዴቫዳታ»ን የሚጫወተው ካፒላን ሲጫወት የቆየው ተዋናይ ነው። ድምፅ የጭንቅላት ስለሆነ የዴቫዳታን አነጋገር፣ ትንፋሽና ቃላት የሚረግጥበትን መንገድ ሁሉ መያዝ አለበት፤ እጁና እግሩ ግን ገና የካፒላ ናቸው። እናም ሁለቱም ሁለቱንም ሚና ከመጀመሪያው ሳምንት ያጥኑ። አንዱ የሌላውን ቃለ ተውኔት በስልክ ይቅዳና ያዳምጥ፤ በየልምምዱ መጀመሪያ 15 ደቂቃ አንዱ የሌላውን አካሄድ ይሂድ። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየ ቡድን መድረክ ላይ የሚያወጣው ጭምብል የተቀያየሩ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው።

ድምፅን መቅዳት ያቃተው አዘጋጅ ተዋናዮቹ ራሳቸው ቦታ እንዲቀያየሩ፣ ጭምብል እንዲቀር ሊያስብ ይችላል። ይቻላል፤ ይቀላልም። ግን ያኔ ተመልካቹ የሚያየው የልብስ ለውጥ ነው፣ የሁለተኛው ገቢር ግማሽ ትርጉም ያጣል።

ለዴቫዳታ ተዋናይ ካርናድ ራሱ የተጫወተበትን የ1976ቱን «ማንታን» አሳዩት። በዚያ ፊልም ለወተት ገበሬዎች ማኅበር ለማቋቋም ወደ ገጠር የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው (ፊልሙን የከፈሉት ራሳቸው 500,000 የጉጃራት ገበሬዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ)። የሚታየው ነገር የተማረ ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝና እጁ የት እንደሚገባ ሲጠፋው ነው። ዴቫዳታ ያ ነው፤ እጁ ሥራ የለውም።

ጭምብሎቹ

የካርናድ መግለጫ የዴቫዳታን ጭምብል ፈካ ያለ፣ የካፒላን ጠቆር ያለ ያደርገዋል። ሕንድ ውስጥ ይህ ወዲያው ቤተሰብንና ሙያን ያስነብባል። ሌላ አገር ቀለም ብቻ ሆኖ ቀርቶ የማይፈለግ ትርጉም ሊያመጣ ስለሚችል ልዩነቱን በቅርጽም አግዙት፦ የዴቫዳታ ግንባር ሰፊና ልስልስ፣ የካፒላ ቅንድብ ወፍራምና ወደ ፊት የወጣ።

ጭምብሉ ግማሽ ፊት ይሁን፤ ከአፍንጫ ጫፍ በታች ክፍት። ሙሉ ጭምብል ድምፁን ይውጠዋል፤ ተዋናዩም ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚተነፍሰው የራሱን ትንፋሽ ነው።

ሁለቱን በአንድ ቅርጽ ላይ ሥሩ። ይህን ያላደረገ ቡድን በኋላ ያለቅሳል፤ አንዱ ጭምብል ለአንዱ ፊት ብቻ ከተለካ ሲለዋወጡ ወይ ይንሸራተታል ወይ ዓይን ይሸፍናል። የፊታቸውን ስፋት ከጆሮ እስከ ጆሮ ለኩ፣ በትልቁ ልክ የሸክላ አፈር ቅርጽ አዘጋጁ፣ ቫዝሊን ቀቡት። ማጣበቂያው 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ5 ኩባያ ውሃ ነው፤ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ አማስላችሁ ጨምሩት፣ እስኪወፍር እያማሰላችሁ ቀቅሉ፣ እንዳይሻግት 1 ማንኪያ ጨው ጣሉበት። ጋዜጣውን በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቅደዱት፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ቀለም ሲቀባ እንደ ጠባሳ ይወጣል። 7 ድርብ ይበቃል። አንዱን ድርብ በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በነጭ ወረቀት ብታደርጉት የት እንደደረሳችሁ አይጠፋችሁም።

ከ3 ድርብ በኋላ አንድ ቀን አድርቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሰባቱን በአንድ ጊዜ የለጠፈ ሰው ውጭው ደርቆ ውስጡ የሚሸት ጭምብል ያገኛል። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት አስቀምጡ፤ ፀሐይ ያጣምመዋል። ስታወጡት ዓይኑን 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ክፈቱት። ውስጡን ላብ እንዳያርሰው በቫርኒሽ፣ ውጭውን በማያብረቀርቅ ቀለም ቀቡ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም መብራት ሲያርፍበት ፊቱን ያጠፋዋል። ግንባሩና ሁለቱ ጉንጮች ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለጥፉ። ማሰሪያው 2.5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ይሁን፤ የማጥበቂያው ልክ ለሁለቱም ሰው የሚሆን መካከለኛ ተደርጎ ይሰፋ። ቋጠሮ ክልክል ነው፤ በጨለማ አይፈታም።

ጭምብል ያደረገ ሰው እግሩን አያይም። የመድረኩ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከመጀመሪያው የመድረክ ልምምድ ጀምሮም የካርቶን ጭምብል አልብሷቸው። ከጆሮ የሚንጠለጠል ማይክሮፎን ጭምብሉን እየነካ ስለሚንጫጫ በትንሽ አዳራሽ ያለ ማይክ መጫወት ይሻላል።

ግማሽ መጋረጃው

ይህ መጋረጃ ከጣራ አይንጠለጠልም። ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ይዘውት ይገባሉ፣ ይዘውት ይወጣሉ። በያክሻጋና «ቴሬ» ይባላል። ኬራላ ውስጥ ካታካሊ በሚባለው የጭፈራ ድራማ ላይ ተዋናዩ ጠርዙን ጨብጦ ቀስ በቀስ የሚገለጥበት ራሱን የቻለ ጨዋታ አለ። ተመልካቹን የሚይዘው ከጀርባው ሰው እንዳለ ማወቁ ነው።

ሦስት ያስፈልጋችኋል፦ አንድ ባዶ፣ አንድ የካሊ ሥዕል ያለበት፣ አንድ እሳት የተሣለበት። አቡጀዲ ግዙ። ሳቲንና ናይለን ያብለጨልጫሉ፣ ሲነኩ ይጮኻሉ፣ ከጣት ያመልጣሉ። ከመቀባታችሁ በፊት እጠቡት፤ ያልታጠበ ጨርቅ ኋላ ይኮማተራል፣ ሥዕሉም ይጣመማል። ተሠርቶ ሲያልቅ 2.5 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ቁመት ይኑረው፤ ከዚህ ሲያጥር የተንበረከከ ተዋናይ ጀርባ ይታያል፣ ሲረዝም የቆመ ሰው ጭንቅላት ይጠፋል። የላይኛው እጥፋት 5 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጫፎች አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት። የሚይዙት ሰዎች ክርናቸውን ከጎናቸው ያስጠጉ፤ ክንድ ዘርግቶ የያዘ ሰው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይንቀጠቀጣል።

መጋረጃ ያዦቹ ተዋናይ ናቸው። ፊታቸው ባዶ፣ ዓይናቸው ወደ ፊት። ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ጨረሳችሁ?» የሚል ያዥ ተውኔቱን በአንድ ዓይን ይሸጠዋል።

የመለዋወጡ ትዕይንት

መድረኩ ላይ የካሊ መጋረጃ ተይዟል። ዴቫዳታ ሰይፉን ያነሣል፣ በመጋረጃው ግራ በኩል ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጭንቅላቱና ትከሻው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከወገቡ በታች በተመልካች ፊት። ጀርባው ላይ ተኝቶ ጭምብሉን በቀኝ እጁ አውልቆ ከጎኑ፣ ፊቱ ወደ ላይ ያስቀምጠዋል። ካፒላ በቀኝ በኩል በዚሁ መንገድ፣ ጭምብሉን በግራ እጁ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ጭምብሎች በመሃል፣ በአንድ ክንድ ርቀት ናቸው። ሰይፉ ከእንጨት ይሁን፤ ደም የለም፣ ቀይ ጨርቅም የለም። ከበሮው አንድ ጊዜ ይመታል፣ በቃ።

ፓድሚኒ ሰይፉን ስታነሣ መጋረጃው ዝቅ ብሎ ካሊ ትታያለች። ካርናድ ይህችን አምላክ እንቅልፍ ያልጠገበች አድርጎ ነው የጻፋት፤ ታዛጋለች፣ ትነጫነጫለች። መሳቅ ይመጣል፣ ይምጣም። ስህተቱ ተዋናይቷ ሳቁን ስታሳድደው ነው። ማዛጋቱ አንድ ይሁን፤ ረጅምና እውነተኛ። ሁለተኛው ማዛጋት ቀልድ ነው፣ ከቀልድ በኋላ ደግሞ «ማን ነኝ?» የሚል ሰው አይታመንም።

ከዚያ ጨለማ። ፓድሚኒ ጭምብሎቹን ለማንሣት 3 ሰከንድ፣ የግራውን ለቀኝ የቀኙን ለግራ ለማልበስ 8 ሰከንድ፣ ወንዶቹ ላስቲኩን ለማስተካከል 4 ሰከንድ፤ 15 ሰከንድ። ጨለማ ውስጥ 15 ሰከንድ ረጅም ነው፣ ስለዚህ ፓድሚኒ እየሠራች ትናገር፤ ድምፁ ጊዜውን ይሸፍናል፣ ችኮላዋም ይሰማል። ጨለማውን በጥቁር ጨርቅ ዓይናቸውን አስራችሁ አለማምዷቸው። በተከታታይ 20 ጊዜ ሳይሳሳቱ እስኪሠሩት ድረስ ሌላ ትዕይንት አትጨምሩ።

መብራቱ ሲመለስ ማንም አይናገር። ሦስት ትንፋሽ። ሁለቱ ይነሡ፣ አንዱ እጁን ይይ። የካፒላ ተዋናይ፣ አሁን የዴቫዳታን ጭምብል ያደረገው፣ ጣቶቹን ጨብጦ ይክፈት፤ ገጣሚ የሆነ ጭንቅላት እንዲህ ያለ እጅ ኖሮት አያውቅም። ከበሮ የለም፣ ዘፈን የለም። እዚህ ቦታ ሙዚቃ የሚጨምር አዘጋጅ ተዋናዮቹን አላመናቸውም ማለት ነው።

ገቢሩ የሚያልቀው ባጋቫታ ጥያቄውን ለተመልካች ጥሎ የአሥር ደቂቃ እረፍት ሲሰጥ ነው፤ ሻይ እየጠጣችሁ አስቡበት ይላል። አሥር ደቂቃ ማለት አሥር ደቂቃ ነው። በረንዳ ላይ ክርክሩ ሲሟሟቅ ጥሩት፤ እረፍቱ ወደ 30 ደቂቃ ከተጎተተ ሰዉ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል።

ሁለተኛው ገቢር፦ አካል ወደ ቤቱ ሲመለስ

ጠቢቡ ለጭንቅላት ከፈረደ በኋላ ዝግተኛው ለውጥ ይጀምራል። ዴቫዳታ ያገኘውን ጠንካራ አካል በስንፍና ያለሰልሰዋል፣ ካፒላ ጫካ ገብቶ ያገኘውን ልል አካል በሥራ ያጠነክረዋል። ይህን በአራት እርከን ክፈሉት፤ መጀመሪያ እጅ ይለወጥ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ አረማመድ፣ መጨረሻ አቀማመጥ። የትኛው እርከን በየትኛው መግቢያ እንደሆነ ጽፋችሁ ለሁለቱም ስጧቸው። በአንዴ የተለወጠ ተዋናይ ፓድሚኒን እንደ ተንኮለኛ ያስቆጥራታል፤ ቀስ ብሎ ሲሆን ግን እያየች የምታጣው ሰው ይታያል።

ጊዜ ማለፉን የሚነግሩት አሻንጉሊቶቹ ናቸው። ሁለት ልጃገረዶች ይጫወቷቸዋል፤ የማይርገበገብ ዓይን፣ ከክርን የሚታጠፍ እጅ። የፓድሚኒን ሕልም እነሱ ያያሉ፣ ያማሉ። ቀሚሳቸው በየመግቢያው ትንሽ ይቀደድ፤ በሦስት መግቢያ ሦስት ቀሚስ፣ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ። ልጆቹ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ ዘንድ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለቱ ወንዶች መጨረሻ ላይ የሚገዳደሉበትን ፍልሚያ እንደ ጭፈራ ነው ካርናድ የጻፈው፤ ሰይፎቹ አይነካኩም፣ ቁስሉም ጭፈራ ነው። በሰይፎቹ መካከል ሁልጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ ጭምብል ያደረገ ሰው ከዚያ የቀረበውን ሰይፍ አያይም። ከዚያ በኋላ ፓድሚኒ የምትገባበት እሳት የተሣለው መጋረጃ ነው። ጭስ ማውጫ ማሽን አትከራዩ። ሴቶቹ ይዘምራሉ፣ መጋረጃው ይነሣል፣ ፓድሚኒ ከጀርባው ትቀራለች።

ፈረሱና ሕፃኑ

የሃያቫዳና ጭንቅላት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ አጽም ላይ በ4 ድርብ ወረቀት ይሠራ፤ ከ800 ግራም ካለፈ ተዋናዩ አንገቱን ይጎዳል። ድምፅ የሚወጣው በአፉ በኩል ስለሆነ አፉን በጥቁር ፋሻ ጨርቅ ሸፍኑት። መጀመሪያ ሲገባ ባጋቫታ ጭምብል መስሎት ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ማሰሪያው በብብት ስር ይለፍ፣ አለዚያ በእውነት ይነቀልበታል።

መጨረሻ ላይ ሃያቫዳና ሙሉ ፈረስ ሆኗል፣ የሰው ድምፅ ብቻ ቀርቶታል። የሕንድን ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራል፤ ዘማሪዎቹ ሁሉ ድምፃቸው የተበላሸ ስለሆነ የሱም ይጠፋል ብሎ ተስፋ በማድረግ። መዝሙሩን በሌላ አገር መዝሙር አትተኩት፤ ዜማውም የተመልካቹ ሁሉ ሳቅ እስኪያበቃ አይርዘም፣ ሁለት ስንኝ ይበቃል።

የፓድሚኒ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሳቅ የማያውቅ፣ አሻንጉሊቶቹን ካልነኩበት አፉን የማይከፍት። የ8 ዓመት ትንሽ ልጅ ፈልጉ። ሥራው አንድ ነው፤ ፈረሱ ሲስቅ መሳቅ። እንዲስቅ አትንገሩት፤ የፈረሱ ተዋናይ በየቀኑ ሳቁን ይለዋውጥበት፣ ልጁ በምን እንደሚስቅ አስቀድሞ እንዳያውቅ። ከሳቅ ወደ ማሽካካት የሚሄደው ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሁን፤ ተዋናዩ መሃል ላይ አየር ከሳበ ፈረስም ሰውም አይሆንም።

ጊዜና ዕቃ

ስምንት ሳምንት በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። ሁለቱን ንባብና የድምፅ ልውውጥ፣ ሦስተኛውን ጭምብል በካርቶን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን የካሊን ቤተ መቅደስ ብቻ፣ የቀረውን ለሌላው። ሙዚቀኞቹ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ይቀመጡ፤ በካርናታካ ወግ ባጋቫታ ከበሮዎቹ አጠገብ ሆኖ ነው ተዋናዩን የሚያስገባው፣ የሚያስወጣው፣ ስለዚህ ቴፕ ከፍቶ መለማመድ ተዋናዮቹን ማንንም የማይጠብቅ ድምፅ ያለምዳቸዋል።

ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ ጭምብሎቹን ፊታቸው ወደ ታች፣ ውስጣቸው ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስፖንጁን በአልኮል ጥረጉ፣ ላስቲኩን ሳቡት። ሁለት ትርኢት የሠራ ላስቲክ ሲሳብ ድምፅ ካሰማ ያኔውኑ ቀይሩት። ትርፍ ላስቲክ፣ መርፌና ክር፣ አንድ ትርፍ የዴቫዳታ ጭምብል ከመጋረጃ ያዦቹ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ የሱ ነው፣ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ስለሆነ።